ስንዱ በመቀስ ለሁለት የቆረጠችው ክኒን

ቅዱሳን፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን። እናኑ እባላለሁ፤ ደብረ ማርቆስ ገበያ የምትወጡ ሁሉ ቅቤ ተራ ታውቁኛላችሁ። ጌታ ያደረገልኝን በፊታችሁ ልናገር ብዬ ሽማግሌዎቹን ካስፈቀድኩ ቆየሁ፤ ድፍረቱ ነው የጠፋኝ። ስንዱ ከዚያ ከሦስተኛው ወንበር ላይ ሆና "ውጪ እንጂ" እያለች በዓይኗ ስትጠቅሰኝ ነው የወጣሁት። ነገሬ ከተበላሸ እሷን ጠይቁ።

ጌታን ሳላውቀው በፊት ምላሴ ስል ነበር። አሁንም ያን ያህል አልደነዘዘም፣ ባሌ ይመሰክራል። ስንዱ የምትነግደው ከእኔ ፊት ለፊት ነው። "ጴንጤ ናት" ብዬ ሰላም አልላትም ነበር። ደንበኛ ወደ እሷ ሲያዘነብል፣ "ከእሷ ገዝተሽ ለክርስትና ድግስ ልታደርጊው ነው?" ብዬ ደንበኛዋን አስቀርባታለሁ። እሷ ግን ሁልጊዜ ጠዋት እቃዋን እያወረደች "እናንዬ፣ እንዴት አደርሽ?" ትለኛለች። እኔ ያልሰማሁ መስዬ ቅቤ የምጠቀልልበትን የኮባ ቅጠል አስተካክላለሁ። እንዲህ ዓይነት ሴት ነበርኩ፣ ወገኖቼ።

ቅቤ ነጋዴ ዓይኑን አያምንም፣ ጣቱን ነው የሚያምነው። ባዕድ ነገር የገባበትን ቅቤ በአውራ ጣቴ ጫን አድርጌ አውቀዋለሁ። አንድ ቀን ገላዬን ስታጠብ ያው ጣቴ ግራ ጡቴ ላይ አንድ ነገር አገኘ። ሽንብራ ብታክል ነው። አታምም፣ ከቦታዋም አትነቃነቅም። ሳሙናው ከእጄ ወድቆ ውኃው እስኪቀዘቅዝ ድረስ እዚያው ቆሜ ቀረሁ።

ሆስፒታል ሄድኩ፤ ቀዶ ጥገና ያስፈልግሻል ተባልኩ። አልጋ ሲሰጡኝ ከአጠገቤ ማን ተኝታለች? ስንዱ። ያው በሽታ፣ ያውም በግራ በኩል። የእሷ ባቄላ ያህላል፣ የእኔ ሽንብራ። በልቤ "ቢያንስ የእኔ ያንሳል" አልኩ። ሰው በሞት አፋፍ ላይ ተኝቶም ይወዳደራል፣ ቅዱሳን።

ለሁለታችንም በአንድ ሳምንት ቀዶ ጥገና ተደረገልን። ዶክተሩ "በጊዜ ነው የመጣችሁት፣ ገና አልተሰራጨም" አለን። ከዚያ የተቆረጠውን ሥጋ ለምርመራ ወደ አዲስ አበባ ላኩት። ያን ውጤት መጠበቅ ከቀዶ ጥገናው ይብስ ነበር።

ውጤቱ ሲመጣ መጀመሪያ ስንዱ ወደ ዶክተሩ ገባች። ክኒን ይዛ፣ ጌታ ይባረክ እያለች ወጣች። በየቀኑ አንዷን እየዋጠች ለዓመታት መቆየት ነው የእሷ ፈንታ። እኔ ስገባ ዶክተሩ ወንበር ሳበልኝ። ያን ጊዜ ነው የፈራሁት።

"እናኑ፣ አንቺ አዲስ አበባ ሄደሽ በደም ሥር የሚሰጠውን ጠንካራውን መድኃኒት መጀመር አለብሽ። መዘግየት የለበትም።"

"የስንዱ ከእኔ አይበልጥም ነበር እንዴ?"

"ይበልጥ ነበር። ልዩነቱ በመጠኑ አይደለም፣ በዓይነቱ ነው። ተቀመጪ፣ ላስረዳሽ።"

አልተቀመጥኩም። ለእሷ ክኒን፣ ለእኔ መርዝ ብዬ በሩን ወርውሬ ወጣሁ።

ቤት ስደርስ ታላቅ ወንድሜ አያሌው ከአማኑኤል ከተማ መጥቶ ጠበቀኝ፤ ዶክተሩ ያለኝን ሁሉ ነገርኩት። "ያን መድኃኒት የጀመረ ሰው ፀጉሩ ረግፎ፣ ሰውነቱ አልቆ ነው የሚመለሰው፤ ከተመለሰም ነው" አለኝ። "ለዚያች ሴት የሰጧትን ክኒን ላንቺስ ምን ከለከላቸው? የትም ብዬ አመጣልሻለሁ። አዲስ አበባ የሚባል ነገር የለም።" እናቴ ጸበል ይዛልኝ መጥታ አልጋዬ አጠገብ ተቀምጣ ታለቅስ ነበር። እናቴ በምታውቀው መንገድ እግዚአብሔርን ስለ እኔ ለምናለች፤ ማንም እንዲንቅብኝ አልፈልግም። እኔ ግን ማንንም መለመን አልቻልኩም። ተቆጥቼ ነበር። ከቁጣው ሥር ደግሞ ፍርሃት ነበር፤ ሁለቱ ልጆቼ ገና ነፍስ አላወቁም ነበር።

ይህን በምንነጋገርበት ሰዓት በሩ ተንኳኳ። ስንዱ ናት። ቁስሏ ገና ስላልጠገገ ክንዷን ወደ ደረቷ አስጠግታ፣ በሌላው እጇ ትንሽ ፌስታል ይዛለች። ቤቴን ረግጣ አታውቅም።

"እናንዬ፣ ለእኔ ሰጥተው ላንቺ እንዳልሰጡሽ ሰማሁ" አለች። "ልጸልይ ስንበረከክ ፊትሽ አልጠፋ አለኝ።" ከፌስታሉ ክኒኑን አወጣች። ማሸጊያውን መሃል ለመሃል በመቀስ ቆርጣዋለች፤ ግማሹን ዘረጋችልኝ። "አንቺም አንድ ቀን እየዘለልሽ ዋጪ፣ እኔም እንደዚያው። የጎደለውን ጌታ ይሞላዋል።"

ወንድሜ "ይኸው! ነገሩ አለቀ" አለ። ውኃ በኩባያ ቀድቶ ሰጠኝ።

ቅዱሳን፣ ያቺን ክኒን መዳፌ ላይ አድርጌአት ነበር። ሁሉም ያየኛል። መዋጥ ማለት ዓባይን አለመሻገር፣ ፀጉሬ አለመርገፉ፣ ከልጆቼ አለመለየት ነው። አውራ ጣቴ ግን መቀሱ የቆረጠውን የማሸጊያውን ጠርዝ ዳሰሰ። ሸካራ ነው፣ ይቧጭራል። ይቺ ሴት ለእኔ የቆረሰችልኝ የራሷን ዕድሜ ነው አልኩ። ኩባያውን መልሼ አስቀመጥኩና "ነገ ዶክተሩን ሳልጠይቅ አልውጥም" አልኩ። ወንድሜ ተቆጥቶ ወጣ።

በማግስቱ ክኒኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ የስንዱን ሐሳብ ስነግረው ዶክተሩ ከመቀመጫው ተነሣ። "ዋጥሽ?" "አልዋጥኩም።" "እሷስ ዘለለች?" "ከዛሬ ልትጀምር ነው።" ትንፋሹን ለቀቀና እንዲህ አለኝ፦

"የስንዱ ካንሰር በሴት ሆርሞን ነው የሚያድገው። ክኒኑ ሆርሞኑ የሚገባበትን በር ይዘጋበታል። ያንቺ ግን ያ በር ጨርሶ የለውም። ሦስት ምልክት ፈልገንበት ሦስቱንም አጣን። ስለዚህ ይሄን ክኒን ዕድሜ ልክሽን ብትውጪው ለአንቺ አይሠራም፤ እሷ ደግሞ ግማሹን ብትወስድ ትጎዳለች። አንዱ ክኒን ሁለታችሁንም ሊያሳጣን ነበር።"

ያኔ ገባኝ። ሁለት ቅቤ አንድ ዓይነት ቅጠል ለብሶ ሚዛን ላይ እኩል ይመዝናል፤ ሲነጠር ነው የሚለያየው።

"የእኔ ይከፋል ማለት ነው?" አልኩት።

"ያንቺ ይፈጥናል። የምንፈራው የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ነው፤ እነሱን ከተሻገርሽ ስጋቱ በጣም ይቀንሳል። የእሷ ዝግ ያለ ነው፤ ግን ከብዙ ዓመት በኋላም ሊመለስ ይችላል።" የመጨረሻዋን ቃል ያን ዕለት ልብ አላልኳትም። ስለ ራሴ ብቻ ነበር የምሰማው።

ባጃጅ ይዤ ስንዱ ቤት በረርኩ። ክኒኑን ጭኗ ላይ አስቀምጬ "ዋጪ፣ አሁኑኑ፣ እያየሁሽ" አልኳት። ዋጠች። ከዚያ ዶክተሩ ያለኝን ሁሉ ነገርኳትና "ለመሆኑ ለምን አደረግሽው? እኔ እኮ ሰላም እንኳ ብዬሽ አላውቅም" ብዬ ጠየቅኳት።

"እኔስ ጌታን ሰላም ብዬው አውቅ ነበር?" አለችኝ። "ቀድሞ የመጣልኝ እሱ ነው።"

ስብከት አልሰበከችኝም። ይህችን ብቻ ነው ያለችኝ። እኔ ግን መደቧ ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ፤ ያን ዕለት እዚያው ቤት ሕይወቴን ለጌታ ሰጠሁ። ስሙ ይክበር።

ከዚያ አዲስ አበባ መመላለስ ተጀመረ። ስመለስ የዓባይ በረሃ ጠመዝማዛ ላይ ፌስታል አፌ ላይ ይዤ ነው የምወጣው። ወንድሜ እውነቱን ነው፣ ፀጉሬ ረገፈ። ብዙ ጊዜ "ይብቃኝ" ብያለሁ። ስንዱ መናኸሪያ ድረስ እየመጣች ትቀበለኝ ነበር፤ የእኔንም ቅቤ ከራሷ ጋር ትሸጥልኝ ነበር። ሕክምናው ካለቀ በኋላ ደግሞ መጠበቅ ነው። ራሴን ባመመኝ ቁጥር በሽታው መጣ፣ ወገቤን በቆረጠመኝ ቁጥር መጣ እላለሁ። እያመንኩም እፈራ ነበር፤ አምኜ ፍርሃቴ ወዲያው ጠፋ ብዬ ብነግራችሁ እዋሻችኋለሁ። አምና ዶክተሩ "እናኑ፣ የምንፈራውን ጊዜ ተሻግረሻል" አለኝ። ሃሌ ሉያ። ጌታ ይባረክ።

እዚህ ላይ ባቆም ደስ ይለኝ ነበር። ግን ክኒኗን አንድም ቀን ሳትዘል የጨረሰችው ስንዱ ዘንድሮ ዳሌዋን ያማት ጀመር። ተመርምራ አጥንቷ ላይ ተመልሷል ተባለ። ያቺ ልብ ያላልኳት ቃል ያን ጊዜ መጣችብኝ። በእኔ ፈንታ የሆነ ነገር የወሰደች መሰለኝና እግዚአብሔርን ተቆጣሁት፤ በጸሎት ቤት ነው የምናገረው፣ ተቆጣሁት። ዶክተሩ "የማንም ጥፋት አይደለም፣ የዓይነቱ ጠባይ ነው" አለኝ። "ጨርሳ ድናለች ብዬ አልሸኛትም። ግን አሁንም መድኃኒት የሚሰማ ዓይነት ነው፤ ዓመታት ልትኖር ትችላለች።"

ይህን መድረክ አውቀዋለሁ። የዳነ ነው የሚወጣበት፣ በሽታው የተመለሰበት ከታች ይቀመጣል። ስለዚህ ትናንት "ስለ አንቺ ዝም ልበል?" ብዬ ጠየቅኳት። "እኔን ዘለሽ ከመሰከርሽ ምስክርነትሽ ግማሽ ነው" አለችኝ።

እንግዲህ ሙሉው ይኸው ነው። ጡቷ ላይ አንድ ነገር አግኝታ ዝም ያለች እህት እዚህ ካለች፣ ነገ ሳትይ ሂጂ፤ ዶክተሩ ሲያስረዳሽም እንደ እኔ በር ወርውረሽ አትውጪ። ጌታንም እመኚው። የእኔን አሳልፎ የእሷን ለምን እንደመለሰው አልነገረኝም። ሰላም ላላለው ሰው ቀድሞ እንደሚመጣ ግን አይቻለሁ፤ በዓይኔ ያየሁትን ነው የምነግራችሁ።

ማክሰኞ ከስንዱ ጋር አብረን ሐኪም ቤት እንሄዳለን። ያኔ ግማሽ ክኒኗን መልሼላታለሁ። አሁን ግማሽ ፍርሃቷን ወስጃለሁ፤ እሱን ግን አልመልስላትም።