አንገረቡ ኤግዚቢሽን የገባ ሰሞን

ልጅ ሳለሁ፣ መተማ ላይ፣ በሚያዝያ ወበቅ ቤት ውስጥ የሚተኛ የታመመ ሰው ብቻ ነበር። ቆርቆሮው ቀን ሙሉ ሲግል ይውልና ማታ ቤቱ እንደ ምድጃ ስለሚፋጅ፣ ጀምበር ስታዘቀዝቅ ሁላችንም አንገረባችንን፣ ያንን በገመድ የተጠለፈ የሱዳን አልጋ ማለቴ ነው፣ ተሸክመን ወደ ግቢ እናወጣለን። እናቴ የወባ ትንኝ ለማባረር ብላ እርጥብ ቅጠል ፍሙ ላይ ትጨምራለች፤ ጭሱ እኛን ያስለቅሰናል፣ ትንኟ ግን ደንታም አይሰጣት። ያኔ፣ በዚያ ጭስ መሀል፣ ፋኖሱ ከግራሩ ቅርንጫፍ ላይ ተንጠልጥሎ፣ አያ ውብነህ ጉሮሯቸውን ጠርገው ተረታቸውን ይጀምሩ ነበር።

አያ ውብነህ የእናቴ አጎት ናቸው። ዕድሜያቸውን በሙሉ ከሳንጃ ገዳሪፍ እየተመላለሱ ሲራራ ሲነግዱ ኖረው፣ ወገባቸው እምቢ ሲላቸው እኛ ቤት የገቡ ሽማግሌ ነበሩ። ደግሞ ቁጡ! ተረት መሀል ያስነጠሰ ልጅ እንኳ አይምሩም። አንገረባቸው ላይ በጎናቸው ካልተጋደሙ አያወሩም፤ ወገባቸው መሬት አያስቀምጣቸውም። አንዱን ተረት በአንድ ማታ መጨረስ የሚባል ነገርም አያውቁም። ልክ ልቤ ስትንጠለጠል «ኸላስ!» ይላሉ፣ በዐረብኛው አለቀ ማለታቸው ነው፣ ከዚያ ፊታቸውን አዙረው ያንኮራፋሉ። አቤት ስናደድ! ትራሴን ነክሼ ነበር የማድረው።

የዚያ ሰሞኑ ተረት ስለ አንዲት የነጋዴ ልጅ ነበር። ከሲራራው ጋር በረሃ ስታቋርጥ ውሃ ያልቅባቸዋል፤ ከሁሉም ቀላል እሷ ስለሆነች በገመድ አስረው አሮጌ ጉድጓድ ውስጥ ያወርዷታል። አህያ ነጂዎቹ ገመዱን ይዘው ሳሉ ጅብ ብቅ ይላል፤ ሁሉም እግሬ አውጭኝ ብለው ይበተናሉ። ጅቡ የገመዱን ጫፍ ረግጦ ቁልቁል አያትና፣ «በጥርሴ ጎትቼ አወጣሻለሁ፤ አንች ግን እስክትወጭ ድረስ በወሬ አጫውችኝ። ከሰለቸሁ አፌን ከፍቼ አዛጋለሁ፤ ካሳቅሽኝም አፌን ከፍቼ እስቃለሁ። ያን ጊዜ ገመዱ ያመልጠኛል፤ አላውቅልሽም» አላት። ጅብ ደግሞ፣ ቆላ ያደገ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ሲበዛ ሳቂታ ነው። እንግዲህ የማይሰለች፣ ግን ደግሞ የማያስቅ፣ ምን ዓይነት ወሬ አለ? ልጅቷ ከጉድጓዱ ውስጥ ቀና ብላ፣ ጉሮሯን ጠረገችና... «ኸላስ!» አሉ አያ ውብነህ።

በማግስቱ አንገረባቸው ተወሰደ።

የወሰደው የቀበሌያችን ማንበቢያ ቤት ነው። ማንበቢያ ቤቱ የተከፈተው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻው ከተማውን ፊደል ካስቆጠረ በኋላ ነበር። ቀድሞ የሰሊጥ መጋዘን ስለነበረ ሽታው ጨርሶ አልለቀቀም። ኃላፊው ጓድ አስራት የሚባል ከደጋ ተመድቦ የመጣ ወጣት አስተማሪ ነው፤ ወባ ያመነመነው፣ ለሥራው ሟች፣ ክፉ ያልሆነ ሰው። ይህን ሳልል ባልፍ ግፍ ይሆንብኛል። በሩ ላይ ባለው ጥቁር ሰሌዳ በየሳምንቱ «የሳምንቱ ምርጥ መጽሐፍ» ብሎ በጠመኔ ይጽፋል። ለእኛ የደረሱን መጻሕፍት ግን አብዛኞቹ ስለ ትራክተር ጥገና ስለነበሩ፣ ለእናቶችም፣ ለሕፃናትም፣ ለሰሊጥ አጨዳ ለመጣው የቀን ሠራተኛም የሚመከረው ያው ትራክተር ነው። እናቴ ተመክራ ተውሳ መጣች። ፒስተን ምን እንደሆነ ያወቅሁት በዚያ ነው፤ እስካሁን አልጠቀመኝም።

ከጎንደር ትልቅ እንግዳ ይመጣሉ ተባለና ማንበቢያ ቤቱ የባህል ኤግዚቢሽን እንዲያሳይ ታዘዘ። ጓድ አስራት ሁለት የቀበሌ ጥበቃዎች አስከትሎ ግቢያችን ገባ። የአያ ውብነህ አንገረብ ያረጀ፣ እግሩ የተቀረጸ፣ የሚያምር ነገር ስለነበር ወሬው ደርሶት ነው።

«አባባ፣ ለሳምንት ብቻ ነው። ለሕዝብ ጥቅም ነው» አላቸው።

«የእኔስ ወገብ የሕዝብ አይደለም ወይ?» አሉት።

ጥበቃዎቹ ሳቁ፣ ጓድ አስራትም ሳቀ፣ አንገረቡ ግን ሄደ። ፋኖሱም አብሮ ሄደ። በሦስተኛው ቀን ከትምህርት ቤት ተሰልፈን ልናይ ስንወሰድ፣ ሁለቱም በገመድ ታጥረው ተቀምጠዋል፤ ከፊታቸው ካርቶን ላይ «በቀድሞው ሥርዓት ጭቁኑ ሕዝብ ተረት ያወራበት የነበረ አልጋና ፋኖስ። አይነካም» ተብሎ ተጽፏል። በቀድሞው ሥርዓት! ሰውየው እኮ ማክሰኞ ማታ ተኝተውበታል። እጄን አውጥቼ ላስረዳ ብል መምህራችን በዓይናቸው አስቀመጡኝ።

ሳምንቱ ወር ሆነ። እንግዳው ዛሬ ይመጣሉ ሲባል መኪና ተበላሸ፣ ነገ ሲባል ስብሰባ ገጠማቸው። አያ ውብነህ ቤት ውስጥ ሰሌን ላይ ተኝተው ያቃስታሉ፤ ተረት ድርሽ አላለም። «አያ፣ ልጅቷስ?» ስላቸው «የት ትሄዳለች፣ እዚያው ናት» ይሉኛል። ይህ መልስ ነው? እኔ ምግብ አልበላ ብዬ ስለዚያች ልጅ ስጨነቅ፣ እሳቸው «እዚያው ናት» ይሉኛል!

አንድ ቀን ከሰዓት ብቻቸውን ተቀምጠው አገኘኋቸውና «አያ፣ አሁን ቀስ ብለው ይንገሩኝ፣ ማንም የለም» ብላቸው በቁጣ ሊነሱ ምንም አልቀራቸው። «በቀን? አፍሽን ያዥ!» አሉኝ። በእሳቸው ወግ፣ ተረት በቀን ከተወራ መንገድ ላይ ያለ ሰው መንገዱ ይጠፋበታል። ሲራራ ነጋዴ ሁሉ ይህን ይጠነቀቅ ነበር አሉ። እያለቀስኩ እናቴ ዘንድ ሄድኩ። እናቴ በሩን ዘጋችና ድምጿን ቀንሳ ነገረችኝ። ልጃቸው ሙላው ከብሔራዊ ውትድርና ሸሽቶ በገለጉ በኩል በእግሩ ወደ ሱዳን ከወጣ ወራት ሆኖታል፤ ይድረስ አይድረስ የሚያውቅ የለም።

«መንገድ ላይ ልጅ አላቸው፣ ገባሽ? ይህን ደግሞ ለሰው ትንፍሽ ትያለሽ፣ ሁላችንንም ታስጨርሽናለሽ» አለችኝ።

ትንፍሽ አላልኩም። ግን ገባኝ ብል ውሸት ነው። ያኔ ለእኔ ሙላው አንዴ ከረሜላ የሰጠኝ ረጅም ሰው ነው፤ የጉድጓዷ ልጅ ግን የልብ ወዳጄ ነበረች። በእኒያ ሽማግሌ አፍ ላይ ተንጠልጥለው አንዱ መንገድ ላይ፣ አንዷ ጉድጓድ ውስጥ መሆናቸው አንገበገበኝ።

እንግዳው በመጨረሻ መጡ። ሰሌዳው ላይ የመጽሐፉ ስም ተጠርጎ «ቅዳሜ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፣ አረጋዊ ተራች ተረት ያቀርባሉ» ተብሎ ተጻፈ። ማታ እንዳይደረግ ሰዓት እላፊ አለ፤ በጊዜ ያልገባ ሰው ይታፈሳል። ስለዚህ ቀን ነው። ጓድ አስራት ሊነግራቸው ሲመጣ አያ ውብነህ «በቀን አላወራም» ብለውት ነበር፤ እሱ ግን የሽማግሌ ማስለመን መስሎት «ግድ የለም፣ ያኔ ይለመናሉ» ብሎ ሄደ።

ቅዳሜ ዕለት ማንበቢያ ቤቱ ጢም አለ። ላቡ፣ የሰሊጡ ሽታ፣ የቆርቆሮው ግለት! እኛ ልጆች ከፊት መሬት ላይ ተደርድረን ተቀምጠናል። አያ ውብነህ በእናቴ ትከሻ ተደግፈው ገቡ። እንግዳው ከወንበራቸው ብድግ ብለው እጅ ነሷቸው፤ ጨዋ ሰው ናቸው። ጓድ አስራት ስለ አፍ ባህላችን ረጅም ንግግር አደረገና «እነሆ!» አለ።

«በቀን አላወራም» አሉ አያ ውብነህ።

«ለምን አባቴ?» አሉ እንግዳው።

ምን ይበሉ? ልጄ ከድቶ መንገድ ላይ ነው ይበሉ? «ልማዴ አይደለም» አሉ።

ጓድ አስራት ጠጋ ብሎ፣ ላቡ እየተንጠፈጠፈ፣ «አባባ፣ በሞቴ፣ አንዲት አጭር» አላቸው። «ይሄ እኮ ኋላቀር እምነት ነው» አለ ቀጥሎ፣ ጮክ ብሎ፣ እንግዳው እንዲሰሙት ነው መሰለኝ። ከኋላ ሰው ሳቀ። እናቴ ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ሳበች። እኔ ግን ሌላ ነገር አልታየኝም፤ ያ ሁሉ ሰው ሲለምናቸው እሽ ሊሉ ነው መስሎኝ ሳላውቀው ብድግ ብዬ፣ «አያ! ልጅቷን ያውጧት!» ብዬ ጮህኩ።

ቤቱ በሳቅ ፈነዳ። አያ ውብነህ ዞረው አዩኝ። በእንደዚያ ዓይነት ዓይን ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አይተውኝ አያውቁም። ከንፈራቸው ተከፈተ፤ ሊጀምሩ ነው አልኩ፤ ተመልሶ ተዘጋ። ከዚያ የእናቴን ትከሻ ለቀቁና፣ የታጠረውን ገመድ በቀስታ ተሻገሩ፣ «አይነካም» የሚለውን ካርቶን አለፉ፣ ከገዛ አንገረባቸው ላይ በጎናቸው ተጋደሙና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

እኔ አሁን ያስሯቸዋል ብዬ ነበር። እንግዳው ግን ማጨብጨብ ጀመሩ። ከዚያ ሕዝቡ በሙሉ አጨበጨበ። «ሕያው ትርኢት ነው! ይህ ጎንደር ላይ መታየት አለበት!» አሉ እንግዳው። አያ ውብነህን አልነበረም ማለታቸው፤ አንገረቡን ነው። በሳምንቱ አንገረቡና ፋኖሱ ጭነት መኪና ላይ ተጭነው ወደ ጎንደር ሄዱ፤ በዚያው ቀሩ። ጓድ አስራት አፍሮ የገዛ ፍራሹን ተሸክሞ ቤታችን መጣ። አያ ውብነህ ተቀበሉትና «ወባህስ እንዴት ሆነልህ፣ ልጄ?» አሉት። እኔ ነበርኩ ፊት የነሳሁት።

ክረምቱ ሳይገባ አያ ውብነህ «ሳንጃ ዘመድ ጠይቄ ልምጣ» ብለው ተነሱ። ወዴት እንደሚሄዱ ሁላችንም ገብቶናል። ሊወጡ ሲሉ ጋቢያቸውን ያዝኩና «አያ፣ ልጅቷስ?» አልኳቸው። «ስመለስ» አሉኝ። አልተመለሱም። ከዓመታት በኋላ አንድ ነጋዴ ለእናቴ፣ ገዳሪፍ አንድ ሱቅ በራፍ ላይ አባትና ልጅ ጎን ለጎን ተቀምጠው እንዳያቸው ነገራት። እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ቀስ ብላ እልል አለች። እኔም ደስ አለኝ። ግን ሙላውስ ተገኘ፣ ያችስ? ብዬ በውስጤ አጉረመረምኩ።

ከዚያ ወዲህ ያልጠየቅሁት የለም። ኮኪት ለአጨዳ የሚመጡትን የጎጃምና የወሎ ሰዎች ሳይቀር እያስቆምኩ ጠየቅሁ፤ ያን ተረት የሚያውቀው አልተገኘም። መጨረሻውን ራሴ ልሥራው ብዬ ስንት ጊዜ ሞከርኩ፤ ወይ ይሰለቻል፣ ወይ ያስቃል።

አሁን በከተማችን የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት እሠራለሁ። ቅዳሜ ከሰዓት የልጆች ፕሮግራም የእኔ ነው። ለብዙ ዓመታት በጠራራ ፀሐይ ተረት ሳወራ ኖሬያለሁ፤ መንገደኛም ምንም አልሆነ። አምና ግን ሴት ልጄ ከጓደኞቿ ጋር ሆና ሳትነግረኝ ሙላው በሄደበት በዚያው መንገድ ወጣች። ከካርቱም አንዴ ደወለች፤ ከዚያ በኋላ ድምጿን አልሰማሁም። ከዚያ ቀን ወዲህ ለልጆቹ መጽሐፍ አነባለሁ እንጂ ተረት አላወራም። ኃላፊያችን «የተረቱ ነገር ምነው ቀረ?» ሲለኝ ጉሮሮዬን አሞኛል እላለሁ። የተማርኩ ሴት ነኝ፤ እንዲህ ያለውን ነገር አላምንበትም። ግን አፌ አልከፈት አለኝ፣ ምን ላድርግ? በአያ ውብነህ ተናድጃለሁ፤ ፍርሃታቸውን አውርሰውኝ መጨረሻውን ይዘውብኝ ሄዱ።

ባለፈው ቅዳሜ አንዲት የፊት ጥርሷ የወለቀ ልጅ «እትዬ፣ ተረት አያውቁም እንዴ?» አለችኝ።

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ለምን አይነግሩንም?»

«ልጄ ስትደውልልኝ እነግራችኋለሁ» አልኳት፣ ሳላስበው። ልጆቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ።

«መቼ ነው የምትደውልልዎ?» አለችኝ።

መጽሐፉን ገለጥኩና ማንበብ ጀመርኩ።