እናቴ ያየችው ጨዋታ

ስትሪትሃም በሚባለው ሰፈር በነበረው የታዳጊዎች የበረዶ ሆኪ ቡድናችን አንድ ሙሉ የውድድር ዘመን ተጠባባቂ በረኛ ነበርኩ። ይኸውም እንደ ዋናው በረኛ ከእግር እስከ ራስ ታጥቆ፣ ጭንብል ይዞ፣ ወንበር ማሞቅ ነው። ከቡድኑ ሴት እኔ ብቻ ስለነበርኩ ልብሴን የምቀይረው መጥረጊያና ባልዲ በሚቀመጥባት ጠባብ ክፍል ነበር። የልጆቹ ሳቅ በግድግዳው በኩል ይሰማኛል። በምን እንደሚስቁ ግን አንድም ቀን አላወቅኩም።

የምንጫወተው እሁድ ነው፤ እሁድ ደግሞ እናቴ ቸርች ናት። የሌሎቹ ወላጆች ብርድ ልብስ ተከናንበው ልጆቻቸውን በስም እየጠሩ ሲጮሁ፣ የእኔን ስም የሚጠራ አልነበረም። አሰልጣኙ በመጨረሻው ጨዋታ እንደሚያሰልፈኝ ሲነግረኝ እናቴን ለመንኳት። አንድ ጊዜ ብቻ እንድታየኝ ፈልጌ ነበር።

"እሺ በቃ፣ ከዛሬው ፕሮግራም እቀራለሁ። ፓስተሩን ቴክስት አድርጌዋለሁ" አለችኝ።

ጨዋታው ላይ ግን ውጤቱ እኩል ስለነበር አሰልጣኙ ሊያስገባኝ ይቅርና ወደ እኔ ዞርም አላለ። እናቴ የቸርች ካፖርቷን ለብሳ ከፊት ወንበር ተቀምጣ ሁለት እጇን ታውለበልባለች። እኔም እጄን ላነሳ ስል፣ የምታውለበልበው ግቡ ላይ ወደቆመው ልጅ መሆኑን አየሁ። ምን ታድርግ፣ ሁለት በረኞች እንዳሉን ማን ነገራት? በዚያ ሁሉ ትጥቅ ውስጥ ፊትም ጸጉርም አይታይ። ወንበር ላይ ስቀመጥ ጭንብሌን አወልቅ ነበር። የዚያን ቀን አላወለቅኩም።

የምንጫወትባት ጥቁር ጎማ ልጁን በመታችው ቁጥር "ኢየሱስ! ኢየሱስ!" እያለች ብድግ ትላለች። ቅናት አንጨረጨረኝ። የራሱ እናትና አባት ጎን ለጎን ተቀምጠውለት የእኔንም እናት ወሰደብኝ።

ወደ ሰፈራችን ወደ ክላፋም በሚመልሰን አውቶቡስ ውስጥ አፏን ከፍታ ታየኝ ጀመር።

"ያ ሁሉ ሲወርድብሽ! የኔ ጀግና! አላመመሽም?"

"አሞኛል።"

"የቱ ጋ ነው የመታሽ?"

ትከሻዬን አሳየኋት። ጓንቷን አውልቃ ቀስ እያለች ታሸኝ ጀመረች። እንባዬ እንዳይታይ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ።

"እዚህ ጋ ነው?"

"ትንሽ ዝቅ በይ፣ እማዬ" አልኳት።