በመዝገብ ያልነበረው አራተኛ ሰው

ሙሉነሽ ቤት ለቤት እየዞረች በሽተኛ የምትቆጥርበትን ሥራ ያገኘችው ብሔራዊ ውትድርና በታወጀ ማግስት ነው። ተወልዳ ያደገችው ዶሮ ማነቂያ ስለሆነ የማትገባበት ጓዳ የለም። የዩኒቨርሲቲ ሰዎች የሳንባ ነቀርሳ ያጠናሉ፤ የመንግሥት ልዑክ ጥናቱን ይዞ ጄኔቭ ይሄዳል፤ ለጋሾች ቁጥሩን አይተው መድኃኒት ይልካሉ። እንዲህ ተባለች፤ አመነች። እሷ ስታምን ሰፈሩም አመነ።

ያኔ ጎረምሳ ያለው ቤት ሁሉ ለቀበሌው «ልጄ ክፍለ ሀገር ሄዷል» ይል ነበር። እትዬ ደብሪቱም ልጃቸውን አጥናፉን ቆጥ ላይ ደብቀውታል። ሳሉን በትራስ ያፍናል።

«እትዬ፣ ስም አልጽፍም። የቤት ቁጥርና አንድ ጭረት ብቻ» አለቻቸው።

«መድኃኒቱ ይመጣል?»

«እናቴ ትሙት!»

አጥናፉ እየተንገዳገደ መሰላሉን ወረደ። ፀሐይ ካየ ሰንብቷል። ሙሉነሽ እንዲህ እየማለች አርባ ሁለት የተደበቁ በሽተኞች ቆጠረች።

የጥናቱ መሪ ዶክተር ደምመላሽ ጭረቶቹን አይቶ መነጽሩን አወለቀ። «ቁጥራችን ከቀበሌው መዝገብ ካልገጠመ ከላይ አይፈርሙም። ካልፈረሙ ልዑኩ ይዞት አይሄድም። ለአርባ ሁለት ሰው ብዬ የሌላውን ሁሉ መድኃኒት ላስቀር?»

«እነዚህስ ሰው አይደሉም?»

«አይደሉም አልወጣኝም። እነሱን አውጥተሽ በንጹሕ ገልብጪው።»

ገለበጠችው። በገዛ እጇ፣ በዚያ በሚያምር ጽሕፈቷ። ለዚህ እስከ ዛሬ ራሷን ይቅር አላለችም፤ ባትልም ደግ አደረገች።

መድኃኒቱ መጣ። ልዑኩ ተጨበጨበለት፣ ሬዲዮኑም አወራለት። የመጣው ግን በዝርዝሩ ልክ ነበር። ሙሉነሽ ጤና ጣቢያ ሄዳ ለአንድ ሰው ብላ ለመነች።

«ስሙ ማን ነው?» አለቻት ነርሷ።

ስሙን መናገር አሳልፎ መስጠት ነው። ባዶ እጇን ወጣች። በንዴት ጥርሷን እያፋጨች ቸርችል ጎዳናን በእግሯ ወረደችው፤ ቴዎድሮስ አደባባይን ማለፏን እንኳ ልብ አላለችም።

በዓመቱ ሁለተኛው ዙር ቆጠራ ተጀመረ። ዶክተሩ በዚህኛው ራሱ አብሯት ወጣ። ጥናቱ ውጭ አገር ተመስግኖ ስለነበር ፊቱ ፈክቷል።

እትዬ ደብሪቱ ከላይ እስከ ታች ጥቁር ለብሰው በራቸው ላይ ቆመዋል።

«እዚህ ቤት ስንት ሰው አለ፣ እናቴ?» አለ ዶክተሩ።

«መዝገባችሁ ስንት ይላል?»

«ሦስት።»

«አሁን ልክ ነው» አሉ እትዬ ደብሪቱ። «ሦስት ነን።»

ሙሉነሽን ዞር ብለው አላዩዋትም። ብትሰደብ፣ ብትመታ ይሻላት ነበር።

ዶክተሩ ምንም ሳይገባው እስክሪብቶውን አቀበላት። እጇን ወደ ኋላ ሰበሰበች።

«እርስዎ ይጻፉት» አለችው።