ቁረጥልኝ የተባለው ስም

ሥራ የገባሁ ዕለት አለቃዬ ካሜራ አላስነካኝም። ሚግዳል በሚባለው ሰፈር ገበያው አጠገብ ባለችው ጠባብ የቪዲዮ ቤት አስቀመጠኝና ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ ጭኖ የሠርግ ካሴት ከፈተልኝ። «ሥዕሉን ተወው፣ ዝም ብለህ ስማ» አለኝ። መኮነን ይባላል፤ እንደኔው በሱዳን በኩል ወደ ተስፋይቱ ምድር የመጣ የጎንደር ሰው ነው።

ከረዳትነት ካሜራማን፣ ከዚያም ኤዲተር ሆንኩ። ኤዲተር ዘንድ ሰው ሁሉ የሚመጣው አንድ ነገር ሊያስቆርጥ ነው። አንዱ የሰከረ አጎቱን፣ አንዷ የቀድሞ ባሏን። እኔ ደግሞ «ለምን?» ሳልል ቆርጬ አላውቅም። ጠርጥር፣ ከገንፎም አይጠፋም ስንጥር።

ጡረታ ልወጣ ስል እትዬ ጥሩነሽ መጡ። ለወንድማቸው ለደሴ አዝካራ፣ ለመታሰቢያው ቀን ማለት ነው፣ የሚታይ ፊልም ፈልገው ነበር። ደሴ በቀይ ሽብር ጊዜ ጎንደር ላይ የተገደለ ተማሪ ነው። ሬሳውን ደረቱ ላይ ጽሑፍ ለጥፈው መንገድ ዳር ጣሉት። ማልቀስም ተከለከለ፤ እናቱ እንዳትጮህ የቀበሌ ጠባቂ በሯ ላይ ቆመባት።

እትዬ ቤት ካሜራውን ተከልኩ። ፈራ ተባ እያሉ አዩት።

«ይሄ ነገር የት ነው የሚሄደው?»

«እርስዎ ካላሉ የትም አይሄድም።»

«ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው» አሉና በሩን እንድቆልፍ አዘዙኝ። አልሳቅሁም፤ እኔም ብሆን አስቆልፍ ነበር። ከዚያ ሁሉንም ተናገሩ። የማንንም ስም ግን አልጠሩም። «ወንድሜን የወሰዱትን ሰዎች ማን እየመራ እንዳመጣቸው አላውቅም። የሰው ስም በከንቱ አላነሳም» አሉ።

በሳምንቱ አንድ ባርኔጣ ያደረጉ ሽማግሌ ሱቁ ገቡ። ጎንደር የእትዬ ጎረቤት ነበሩ፤ አሁን እዚሁ አጋሚም ሰፈር ከልጃቸው ጋር ይኖራሉ። ስለ ፊልሙ ከማን እንደሰሙ እንጃ።

«የኔን ስም ያነሳችበትን ቁረጥልኝ» አሉኝ።

«አባባ፣ ስምዎን አላነሱም።»

«አንስታለች እንጂ! እኔ እኮ ያን ጊዜ ዘብ ብቻ ነበርኩ። ልጁን ሲወስዱት በሩ ላይ ነው የቆምኩት።»

ደነገጥኩ። ስለ ዘብ ማን ጠየቃቸው? የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። የኚህኛው አለመርሳት ግን ሌላ ዓይነት ሆነብኝ።

መኮነን ወደ ጓዳ ጎተተኝ። «ሽቶክ!» አለኝ በዕብራይስጥ፤ ዝም በል ማለቱ ነው። «የልጅ ልጃቸውን ሠርግ የምንቀርጸው እኛ ነን። በሴደር፣ እሺ በላቸውና ሸኛቸው። ለእትዬም ትንፍሽ እንዳትል!»

ዘብ መሆን ገዳይ መሆን እንዳልሆነ አውቃለሁ። ብናገር የሁለት ቤተሰብ ሰላም ይደፈርሳል፤ ዝም ብል ደግሞ ከጠባቂዎቹ አንዱ እኔ ልሆን ነው። በማግሥቱ እትዬ ቤት ሄጄ የሰማሁትን ሳልጨምር ሳልቀንስ ነገርኳቸው።

«በየሠርጉ ጉንጬን ይስመኝ ነበር» አሉ። «በል፣ ካሜራህን አብራ።»

የሽማግሌውን ስም ከነአባታቸው ጠሩ። እዚህ አልጽፈውም፤ መጥራቱ የእሳቸው የእትዬ ነው። «ገዳይ ነህ አልልህም፤ አላየሁም» አሉ። «በራችን ላይ ከቆምክ ግን ማን እንደወሰደው አይተሃል። ወንድሜን ማን ወሰደው? ንገረኝ!» ከዚያ ለእናታቸው የተከለከለውን ጩኸት ጮኹ። እኔም ማዳመጫው ጆሮዬ ላይ እንዳለ አለቀስኩ።

መኮነን ቁረጥ አለኝ። «እትዬ ካሉኝ እቆርጣለሁ» አልኩት። ሠርጉ ለሌላ ቪዲዮ ቤት ተሰጠ፤ ከዚያ በኋላ መኮነን እንደ ድሮው አልሆነልኝም።

በአዝካራው ቀን ሽማግሌው ከኋላ ተቀምጠው ነበር። ፊልሙ ላይ ስማቸው ሲጠራ ዘመድ አዝማዱ ሁሉ ዞሮ አያቸው። ተነሥተው ወጡ። እትዬ መልሱን እስከ ዛሬ እየጠበቁ ነው።

ለተተኪዎቼ የምለው ይህን ነው፦ ምስክርነትን የሚያስቆርጠው ራሱ የተናገረው ሰው ብቻ ነው።