አምስተኛ ፎቅ የወጣው ሜዳሊያ

ሰውየውን ያወቅኳቸው ኦስሎ በገባሁ በመጀመሪያው ዓመት ነው። ሊንደሩድ በሚባለው ሰፈር፣ ገበያ ማዕከሉ አጠገብ ባለች ጠባብ ክፍል ቅዳሜ ቅዳሜ እየተቀመጡ እንደኔ ላለው አዲስ መጤ ሁሉ ቅጽ ይሞሉ ነበር። ፓርሲ ናቸው፤ አያት ቅድመ አያቶቻቸው በጥንት ዘመን ከፋርስ ወደ ህንድ የተሰደዱ፣ እሳት የሚያከብሩ ሰዎች። ዕድሜያቸውን በኮሙኑ፣ ማለትም በከተማው አስተዳደር፣ ሥራ ጨርሰዋል፤ ሙምባይ ያለውን የአባታቸውን ቤት ደግሞ የሴት ተማሪዎች ማደሪያ እንዲሆን ሰጥተዋል። ይህንንም ከሌላ ሰው ነው የሰማሁት።

ከዓመታት በኋላ የኮሙኑ የቤት ረዳት ሆኜ አንድ አዛውንት ዘንድ ስመደብ፣ በሩን የከፈቱልኝ እሳቸው ሆኑ። ጉልበታቸው ከድቷቸዋል። የሕንፃው ሊፍት ደግሞ ከተበላሸ ሦስት ወር አልፎታል። አምስተኛ ፎቅ ላይ እንደ እስረኛ ተቀምጠዋል።

ሕንፃዎቹን የሚያስተዳድረው ማኅበር ሹማምንት ለበጎ ሥራቸው ሜዳሊያ ይዘው የመጡት ይሄኔ ነው። አራት ሆነው፣ አንዱ ደረጃው መሃል እየተቀመጠ። ሊቀመንበሯ ትንፋሿ እስኪመለስ ግድግዳ ተደግፋ ቆየችና ስለ ጉርብትና ረጅም ንግግር አደረገች። ስማቸውን ሁለቴ ጠራች፤ ሁለቴም አበላሸችው።

"ሊፍቱንስ አያችሁት?" አሏት ስትጨርስ።

"እሺ፣ እሺ፣ እንመዘግበዋለን" ብላ ወደ ካሜራው ዞረች።

እኔስ? ሻሼን አስተካክዬ ከጎኗ ተገተርኩና ጥርሴን አሳየሁ። ፎቶው በሰፈሩ ጋዜጣ ሲወጣ ከኔ የታየው ክርኔ ብቻ ነው። ይበለኝ!

ኬካቸውን በልተው፣ ሳህኑን ለኔ ጥለው ሄዱ። እሳቸውም "ወረቀት አምጪ" አሉኝ።

"ማን ሊያነበው?"

"እንዲህ ዓይነት ደብዳቤ ስንት ዓመት ስቀበል የኖርኩት እኔ ነኝ። የትኛው ደብዳቤ መሳቢያ ውስጥ ተጥሎ እንደማይቀር አውቃለሁ።"

እሳቸው ሲናገሩ ስለ ሊፍቱ አቤቱታ ጻፍኩ፤ ፊርማውን በየፎቁ እየዞርኩ ለቀምኩ። አንደኛ ፎቅ የሚኖር ያገሬ ሰው "በሰው አገር ምን አገባን? ደግሞ እኔ ሊፍት አልጠቀምም" ብሎ በሩን ዘጋብኝ። ሊፍቱ በወሩ ሲሠራ፣ የእንግዳ ሻንጣ ጭኖ ቀድሞ የገባበት ግን እሱ ነው።

ከማኅበሩም ደብዳቤ መጣ፤ "ችግሩን በራሳችን ተነሳሽነት ስለፈታን ደስ ብሎናል" ይላል። በራሳችን ተነሳሽነት! ደሜ ፈልቶ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። እሳቸው መነጽራቸውን አድርገው ተቀበሉኝ።

"ሁለተኛው መስመር ላይ ፊደል ገድፈዋል" አሉ። "አርሚውና መልሽላቸው።"

በቀይ እስክሪብቶ አርሜ መለስኩላቸው።