የእኅቴ ማዘያ

እኅቴ የሞተችው ልጇ ያለ ድጋፍ መቀመጥ በጀመረች ሰሞን ነው። በዚያ ዓመት ደባርቅ ላይ ክረምቱ አልወጣ ብሎ፣ መስከረም ከጠባ በኋላም ጭጋጉ ከገበያው ሜዳ አልነሣ ብሎ ነበር። ሳል ያዛት፤ ሳሉ ወደ ደረቷ ወረደ፤ በእግሯ ወደ ጤና ጣቢያ የሄደችውን ሴት በቃሬዛ መለስናት። የእርሷ ሕማም በዚሁ አለቀ። የልጅቱ ግን ከዚያ ወዲያ ጀመረ።

የልጅቱ አባት የበየዳ ሰው ነው። በተራራው መንገድ ላይ ካለው ከቡይት ራስ በላይ የጎብኚዎችን ጓዝ በበቅሎ እየጫነ የሚኖር፣ ከወር አብዛኛውን ቀን ተራራ ላይ የሚያድር ዝምተኛ ሰው ነበር። በሠልስቱ ዕለት ዘመዶቹ እናቴን ከድንኳኑ ጥግ አስቀምጠው አነጋገሯት። ክፋት አልነበረባቸውም። «እስከ አርባው ድረስ እናንተ ዘንድ ትቆይ። ከለመደቻችሁ የእናንተ ትሁን፤ ካልለመደች ግን በየዳ ያለችው አክስቷ ትወስዳታለች፤ እዚያ ላምም አለ፣ የልጅ እኩያም አለ» አሏት። እናቴ ሳታመነታ እሺ አለች። አራት ልጅ አዝላ ያሳደገች ሴት በምን ትጠራጠር? ከልጇ የቀረላት ደግሞ ይህች ሕፃን ብቻ ነበረች።

እኔ በዚያን ጊዜ የመምህራን ኮሌጅ ጨርሼ ምደባ እየጠበቅሁ ነበር። ቀኑን መጽሐፍ ሳገላብጥ እውል ነበርና ከቤተ ሰቡ ሁሉ ሥራ ፈቱ እኔ ነበርሁ። ስለዚህ የሆነውን ሁሉ ከቅርብ አየሁት።

በአገራችን የሟች ልብስ ቤት ውስጥ አይቆይም። ለቅሶው ላይ ይወጣል፤ ይለቀስበታል፤ ከዚያም ታጥቦ ለነፍስ አባት ይሰጣል። የነፍስ አባት ለቸገረው ያድሉታል፤ የለበሰውም በለበሰው ቁጥር ባለቤቱን ነፍስ ይማር ይላል። እናቴ ይህን ሥርዐት አላጓደለችም። ቀሚሶቹን፣ ጋቢውን፣ ነጠላዎቹን ሁሉ በእንዶድ አጥባ፣ አጣጥፋ፣ በእጇ ወስዳ ሰጠች። ከልብሶቹ ጋር ማዘያውም ሄደ። ማዘያው የሟች ነው ወይስ የሕፃኗ ብሎ የጠየቀ አንድ ሰው አልነበረም።

ማዘያው ከነጠላ ወፈር፣ ከጋቢ ሳሳ ያለ ኩታ ነበር። እኅቴ ነፍሰ ጡር ሳለች ጥጡን ራሷ ፈትላ ዳባት ላለ ሸማኔ ሰጥታ አሠራችው። ጥለቱ ሰማያዊ ነው፤ ሰማያዊው ክር ስላለቀበት ግን ሸማኔው አንዱን ጫፍ በአረንጓዴ ጨርሶታል። እናቴ ለልጅ የሚበጀው የቆዳ አንቀልባ ነው ብላ ብዙ ተከራክራት ነበር። እኅቴ አልሰማቻትም። «ቆዳ በብርድ ይደርቃል፣ የልጅ ጭን ይልጣል። ጨርቅ ግን አብሯት ይተነፍሳል» ትል ነበር። ገበያ ውስጥ በርበሬና ጨው ትሸጥ ስለ ነበር ልጅቱ ከጀርባዋ አትወርድም። ጎንበስ ብላ በርበሬውን ስትሰፍር የሕፃኗ ሁለት እግሮች ከግራና ከቀኝ ወገቧ ወጥተው ይወዛወዛሉ፤ ጉንጯ ከእናቷ ትከሻ መሐል ተጣብቆ ትተኛለች። ጫጫታው፣ የበርበሬው ብናኝ፣ የጭነት መኪናው ጥሩንባ አይቀሰቅሳትም።

ከሠልስቱ በኋላ ልጅቱ የማንንም ጀርባ አልቀበል አለች። እናቴ በራሷ ጋቢ ስታዝላት እንደ ቀስት ወደ ኋላ ትለጠጣለች፤ ድምፅዋ እስኪዘጋ ትጮኻለች፤ ደክማ አንገቷ ሲወድቅ ትንሽ ታሸልብና እንደ ተመታ ሰው ብንን ትላለች። የላም ወተት በጡጦ ስንሰጣት ጡጦውን በምላሷ ትገፋዋለች። በማንኪያ ያጠጣናት ወተት ከአገጯ ሥር ተጠራቅሞ አንገቷን አቆሰለው። ጉንጯ ጎደለ፤ የእጇ አንጓ ላይ የነበረው እጥፋት ጠፋ። የአርባው ቀን ሲቃረብ እናቴ ስለ እርሱ መናገር ተወች።

አንድ ቀን እናቴ ወገቧ አልታጠፍ ስላላት እኔን ጠራችኝ።

«ና፣ ጎንበስ በል። እንዲያ አይደለም፣ ለስግደት ነው እንዴ? ወገብህን ዘርጋ።»

ልጅቱን ጀርባዬ ላይ አጋደመቻት።

«ጉልበቷ ወገብህን ይቀፍ። መቀመጫዋን ከሥር ደግፍ፣ ጨርቁን እስከ ብብቷ አውጣው። አሁን ፊት ለፊት አጣምረህ እሰር። አንተ ታሰር እንጂ እሷ አትታሰር!»

እንዲህ አዝያት ከቤት ወጣሁ። ያነበብኋቸው መጻሕፍት ውስጥ ሐዘን ሁልጊዜ አንድ ነገር ያስተምር ነበር፤ ሰውን ያጠራዋል፣ ጥበብ ይሰጠዋል ይባል ነበር። ጀርባዬ ላይ ያለችው ሐዘንተኛ ግን የምትማረው ነገር አልነበረም። ከአንገቴ ሥር በአፏና በአፍንጫዋ እየዳበሰች አንድ ነገር ትፈልጋለች፤ ታጣዋለች፤ ትጮኻለች።

ሽንኩርት ተራ ስደርስ አንዲት ቸርቻሪ አየችኝና በእጇ አፏን ያዘች።

«ውይ በሞትሁት! መቼ ወለድህ አንተ ደግሞ? አራስ ቤት ሳንጠይቅህ!»

ጎረቤቷ በክርኗ ጎሸመቻት። «ዝም በይ አንች፣ ሐዘን ላይ ናቸው። የዚያች የበርበሬ ሻጯ ልጅ ናት።»

«ሐዘን ላይ ከሆነማ አስተካክለሽ እሰሪለት እንጂ! ልጅቱ እንደ ጭራሮ ተንጠልጥላ የለም ወይ?»

ራሷ ተነሥታ መጣች። ጨርቁን ፈትታ፣ ልጅቱን ከፍ አድርጋ፣ መልሳ አሰረችልኝ። እጇ ሽንኩርት ሽንኩርት ይል ነበር። ሸክሙ ወዲያው ቀለለኝ፤ ልቅሶው ግን አልቀነሰም። ሴትዮዋ ለቀልድ የከፈተችውን አፏን ዘግታ ልጅቱን ጥቂት አየቻት። «እንግዲህ እግዜር ያውቃል» ብላ ወደ ሽንኩርቷ ተመለሰች።

ነገሩ ማዘያው ነው ያለችው እናቴ ናት። ካለች በኋላ ማንም ሊያቆማት አልቻለም። ነፍስ አባታችን ዘንድ ስትሄድ ተከተልኋት። ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ተቀምጠው ፀሐይ ይሞቁ ነበር።

«ይፍቱኝ፣ አባ። የሰጠሁትን ልለምን መጣሁ» አለች።

«ለነፍስ የወጣ ነገር ይመለሳል እንዴ፣ ልጄ?»

«ነፍሷማ ልጇ ላይ ናት፣ አባ። አንቱም ያውቃሉ።»

መስቀላቸውን ከአንዱ እጃቸው ወደ ሌላው አዛወሩ። «ዳባት ነው የሰጠሁት» አሉ በመጨረሻ። «ከጃናሞራ ወርዳ ድንች የምትቸረችር አንዲት ምስኪን አለች፤ ልጇን በጆንያ ስታዝል አይቼ ነው። ሂጂ፤ ነገር ግን እንዳታስደነግጫት።»

በዳባት የገበያ ቀን በሚኒባስ ወረድን። ከድንች ሻጮቹ መሐል እናቴ መፈለግ አላስፈለጋትም፤ አረንጓዴውን ጫፍ ከሩቅ ለየችው። የአንዲት ቀጭን ወጣት ሴት ደረት ላይ ታስሯል። ጀርባዋ ላይ አንድ ወንድ ልጅ አፉን ከፍቶ ተኝቷል።

«ይግዙኝ እናቴ፣ ድንቹ ትናንት የተቆፈረ ነው» አለች ሴትዮዋ።

እናቴ ድንቹን አላየችም። «ማዘያሽ…» አለችና አረንጓዴውን ጫፍ ያዘች።

የሴትዮዋ ፊት ተለወጠ። «አባ ናቸው የሰጡኝ! አልሰረቅሁም!»

«ማን ሰረቅሽ አለሽ? የልጄ ነው።»

ሴትዮዋ ጥቂት ቆማ አየቻት፤ ከዚያም አጎንብሳ የእናቴን ጉልበት ሳመች። «አንቱ ነዎት እናቷ? ነፍስ ይማር። ጧት ጧት ልጄን ሳዝል ባለቤቷን ነፍስ ይማር እላለሁ። ስሟን አልነገሩኝም እንጂ በስሟ እጠራት ነበር።»

እናቴ ከድንቹ ክምር አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠችና አለቀሰች። ለምን እንደ መጣን የነገርኋት እኔ ነኝ። ሴትዮዋ ሰምታ ሳትጨርስ ማዘያውን ፈታች። ልጇ ነቅቶ ጮኸ። እናቴ የለበሰችውን ጋቢ አውልቃ ሰጠቻት፤ ሴትዮዋም በጋቢው ልጇን እያዘለች «ይለምዳል፤ ልጅ ምኑን ያውቃል» አለች። ከአፏ ከወጣ በኋላ ምን እንዳለች ተረዳችና አቀረቀረች። በስሟም ትጠራት ዘንድ እናቴ የእኅቴን የክርስትና ስም ነገረቻት።

በመመለሻው ላይ እናቴ ኩታውን ከፊቷ አላነሣችም። የመኪናው መስኮት እየተንቋቋ፣ የጎንደሩ መንገድ አቧራ ከወንበሩ ሥር እየገባ፣ እርሷ ታሸተዋለች፤ አገላብጣ ታሸተዋለች። ደባርቅ ልንገባ ስንል ጭኗ ላይ አኖረችው።

«እንዶድ እንዶድ ይላል» አለችኝ። «የዚያም ልጅ ሽንት አለበት። የልጄ ጠረን ግን የለበትም።»

«ጥለቱን ታውቀው ይሆናል» አልሁ።

«ሕፃን በዓይኑ መች ያውቅና?»

ቤት እንደ ገባን አዘለቻት። ልጅቱ ፊቷን ጨርቁ ውስጥ ቀበረች፤ ዝም አለች። እናቴ ዓይኗን ጨፍና ቆመች። ሕፃኗ በአፍንጫዋ ጫፉን ዳሰሰች፣ ወደ ላይ ሄደች፣ ወደ ጎን ሄደች። ከዚያ ጮኸች። እስከዚያ ቀን ስትጮኽ የምትጠራው ያለ ይመስል ነበር። ይህኛው ግን ጥሪ አልነበረም። በእንዶድ አጥባ የሰጠችው እናቴ ራሷ ነበረች።

አርባዋ ደረሰ። ከፍትሐቱ በኋላ ለቅሰኛው ጠላውን እየጠጣ ሳለ አክስቷ ከበየዳ ደረሰች፤ ሰፊ ትከሻ ያላት፣ ፊቷን ብርድ ያጠቆረው ሴት ናት። በእጇ በቅቤ የወዛ አሮጌ አንቀልባ ይዛለች። ልጅቱን ከእናቴ እቅፍ ተቀበለቻት።

«ነይ እስኪ፣ አንች አልቃሽ። ሙሾ ማውረዱን ማን አስተማረሽ?»

ጎንበስ ብላ አዘለቻትና ጠፍሩን ደረቷ ላይ አጥብቃ፣ በቤቱ ውስጥ ወዲያ ወዲህ ማለት ጀመረች። ልጅቱ ጥቂት አለቃቀሰች። አዛጋች። ጉንጯን ሰፊው ጀርባ ላይ ጣለችና ተኛች። ወሬው ከአንዱ አግዳሚ እስከ ሌላው ተራ በተራ ቆመ። ሁሉም አየ፤ ወደ እናቴ ግን ማንም አልተመለከተም።

እንግዳው ሲሳሳ እናቴ አክስትየዋን ወደ ጓዳ ጠራቻት። እኔ በሩ ላይ ነበርሁ።

«ምን አደረግሽላት?»

«ምንም፣ እትየ። አይቀየሙኝና… አንቱ ሲያዝሏት ያለቅሳሉ። ይህ ልጅዎም ያለቅሳል፣ ድምፅ አያወጣም እንጂ። ትናንት እዚህ የደረሰው ወንድሜም እንዲሁ ነው። የሚንቀጠቀጥ ጀርባ ላይ ማን ይተኛል?»

«አንችስ አላዘንሽም?»

«እውነቱን ልንገርዎት? ልጅዎን ያየኋት አንድ ቀን፣ በሠርጓ ነው። ደግ እንደ ነበረች ሰምቻለሁ። ግን አላውቃትም፣ እትየ። ስለማላውቃት ጀርባዬ ዝም ይላል።»

እናቴ ግድግዳውን ተደገፈች። «እና የእኔን ሐዘን የት ላድርገው?» አለች። የጠየቀችው አክስትየዋን ብቻ አልመሰለኝም። ልጅቱን ለማስቀረት ልጇን ማልቀስ መተው ነበረባት፤ ይህን ደግሞ አልቻለችም። እኔም አልቻልሁም። ከእኛ ቤት ያች ሕፃን የምትተኛበት ጀርባ አልነበረም፤ እንቅልፍ የራቃትም እናቷን ስለምንወዳት ነው።

በማግስቱ ጧት አባትየው አንገቱን ደፍቶ በቅሎውን ጫነ። እናቴ ማዘያውን አመጣች። አክስትየዋ «አንቀልባው ይበቃታል፤ ለብርዱ ግን ላከናንባት» ብላ የልጅቱን ራስ በኩታው ሸፈነች፤ ፊቷ ከእኛ ተሰወረ። እናቴ የኩታውን ጫፍ ይዛ አልለቀቀችም።

«ብታለቅስስ?»

«እማምላክን፣ ቡይት ራስ ሳልደርስ ካለቀሰች እመልስልዎታለሁ።»

እናቴ ጫፉን ለቀቀች።

ከከተማው ዳር፣ ባሕር ዛፉ እስከሚያልቅበት ድረስ ሸኘናቸው። ከዚያ ወዲያ መንገዱ ሽቅብ ነው። ጭጋጉ መጀመሪያ በቅሎውን ዋጠው፤ ቀጥሎም የአክስትየዋን ጀርባ፣ ጀርባዋ ላይ ያለውን ነጭ ጉብታ። ከዚያ በኋላ የቀረልን ድምፅ ብቻ ነበር። የበቅሎው ኮቴ ድንጋይ ላይ ቀጭ ቀጭ ይላል።

እናቴ ነጠላዋን ከጆሮዋ ገለጠች። አርባ ቀን ሙሉ «ዝም በይልኝ» ብላ የለመነቻትን ሕፃን አሁን አልቅሽልኝ እያለች እንደምትለምን ከከንፈሯ አወቅሁ። እኔም ትንፋሼን ውጬ አዳመጥሁ። ኮቴው እየራቀ ሄደ።

«ሰማህ?» አለችኝ።

አልሰማሁም። ጭጋጉ ተገፍፎ መንገዱ እስከ አፋፉ ድረስ ባዶውን እስኪታይ እዚያው ቆመን ነበር።