ቢጫ፣ ብርቱካናማ፣ ቀይና የካሳነሽ ፍራሽ

ካሳነሽ ለምን የጎርፍ ማስጠንቀቂያ ነጋሪ ሆና እንደተመረጠች በቁሐር ሚካኤል መንደር ሁለት ወሬ አለ። አንደኛው፣ ወረታ ሄዳ ሦስት ቀን ስለሠለጠነች ነው ይላል። ሁለተኛውና ሰው ሁሉ የሚያምነው ግን በድምጿ ነው የሚለው ነው። ካሳነሽ ደጇ ላይ ቆማ በሬዋን ስትሳደብ ከጉማራ ወንዝ ማዶ ያሉ በሬዎች ቀና ይላሉ። ስለዚህ የድምፅ ማጉያ ተሰጥቷት ከወረታ የተመለሰች ዕለት ጎረቤት ሁሉ ክው አለ። "ባዶ አፏን መች ቻልነውና!" አሉ።

ሥራዋ ከባድ አይደለም። ጠዋትና ማታ ወንዙ ዳር ወደተተከለው ባለቀለም እንጨት ትወርድና ውሃው የትኛው ቀለም ላይ እንደደረሰ ታያለች። ከላይ ደግሞ ድልድዩ ጋ ያለው ንብረት የሚባል ሰው ስልክ ይደውልላታል፤ እሱም እንደሷ ውሃ ለኪ ነው። የፎገራ ጎርፍ መቼም ዓመሉ ክፉ ነው። ሜዳው ላይ ፀሐይ አናት እየበሳ፣ ጉና ተራራ ላይ የዘነበው ሰተት ብሎ መጥቶ ጓዳ ይገባል።

ቀለሞቹን በየጊዜው ታስረዳለች፤ በሰንበቴው፣ በዕድሩ፣ በለቅሶ ቤት ሳይቀር።

"ስሙኝማ! ቢጫ ማለት ጆሯችሁን አቁሙ ማለት ነው። እግራችሁን አንሱ አልወጣኝም! ከብት ወንዝ ዳር አትንዱ፣ ከዚያ ሥራችሁን ሥሩ። ብርቱካናማ ካልኩ እህሉን ቆጥ ላይ ስቀሉ፣ ጥጃውን ፍቱ፣ ሽማግሌና ነፍሰ ጡር አስቀድማችሁ ወደ ሚካኤል ጉብታ አውጡ። ቀይ ካልኩ ግን ነጠላችሁንም አትፈልጉ። ውጡ፣ በቃ!"

ሰው ራሱን ይነቀንቅላታል። ራስ መነቅነቅ ደግሞ ምን ይገዳል?

አጥር የሚጋሯት አያ ባየህ ግን ራሳቸውንም አይነቀንቁም። ሰባውን ያለፉ፣ ጉልበታቸው የደከመ፣ ምላሳቸው ያልደከመ ሽማግሌ ናቸው።

"እኔና ጉማራ ከልጅነት እንተዋወቃለን" ይላሉ። "ሲመጣ ሳይነግረኝ አይመጣም። ደግሞስ የካሳነሽ አፍ ምን ይሠራልኛል? እኔ ፍራሿን ነው የማየው።"

ፍራሹ እንዲህ ነው። ወረታ ያገባችው ልጇ አምሳል፣ የእናቷ ወገብ ሲያስቸግራት ጊዜ፣ ቀይ አበባ ያለበት ወፍራም ስፖንጅ ገዝታ ላከችላት። ካሳነሽ ላስቲኩን እንኳ አልቀደደችም፤ ከነላስቲኩ ተኛችበት። በተገላበጠች ቁጥር ስለሚንኮሻኮሽ ማታ ማታ ስንቴ እንደተገላበጠች ጎረቤት ይቆጥርላታል። ላሟ በውሃ ብትወሰድ ታለቅስ ይሆናል። ፍራሹ ቢረጥብ ግን ንስሐ አባቷን መጥራት ነው።

ስለዚህ የአያ ባየህ ትምህርት ሰው ልብ ውስጥ ገባ። ካሳነሽ ቢጫ ብትል፣ ቀይ ብትል፣ አገሩ አንገቱን አስግጎ ደጇን ያያል። ፍራሹ ካልወጣ ምንም የለም።

አምና ሐምሌ ላይ ቢጫ ለፍፋ ስትመለስ ድመቷ ፍራሹ ላይ ወልዳ አገኘቻት። ዋይ ብላ ፍራሹን አውጥታ አጥሩ ላይ ሰጣችው። ያን ጊዜ ነው ጉዱ! ጎረቤቷ ሰገን ከማሳዋ ሆና አየችና ኡኡታዋን አቀለጠችው። ቡና የሚፈላበት ጊዜ እንኳ ሳያልፍ መንደሩ ጭር አለ። ከብቱ፣ ዶሮው፣ አራሹ፣ ቄሱ ሳይቀሩ ጉብታው ላይ ወጥተው ሲጠብቁ ዋሉ። ዶሮ የያዙት አያ ባየህ ናቸው፤ ሁለት። ውሃ የለም፣ ደመናም የለም። ካሳነሽ ብቻ ታች ቆማ ድመቷን ትራገማለች።

"ቢጫ እኮ ነው ያልኩት!" ብትል ማን ሰምቷት።

"አፍሽማ ቢጫ አለ፤ ፍራሽሽ ነው የዋሸን" አሏት። ሽማግሌዎችም ተቀምጠው ፈረዱ፤ ካሳነሽ ከእንግዲህ ፍራሽ ስታሰጣ አስቀድማ በድምፅ ማጉያ ታስታውቅ።

ሳቁ አለፈ፤ እሷ ላይ ግን አንድ ነገር ቀረ። እንቅልፍ ነሳት። እውነተኛው ቀይ የመጣ ቀን እነዚህ ሰዎች አፏን ትተው አጥሯን ሲያዩ ቢሰምጡስ? ይልቁንም አያ ባየህ፣ ሮጠው የማያመልጡት?

ዘንድሮ ነሐሴ ገባና አምሳል ወንድ ልጅ ወለደች። እናቷ ዘንድ ልትታረስ ነበር፤ ክረምት ሆነና እዚያው ወረታ ቀረች። ካሳነሽ ልቧ አልቻለም፤ ፍራሹን ለአራሷ ልትሰድላት ቆረጠች። ግን እንዴት? ሰው ካየ ደግሞ ጉብታ መውጣቱ ነው። ስለዚህ ቅዳሜ ማለዳ ጠቅልላ አሰረችው፣ አህያዋ ላይ ጫነችው፣ በሩዝ ገለባ ሸፈነችው። አያ ባየህ በአጥሩ በኩል "ገለባ ወደ ገበያ? ምን ጉድ ነው?" ብለው ጠየቁ። "ተፈልጎ ነው!" ብላ አለፈች። አስፋልቱ ጋ ስትደርስ ፍራሹን አውርዳ ባጃጅ ላይ ጭና ላከችው።

በአራተኛው ቀን፣ ማክሰኞ ረፋድ ላይ ንብረት ደወለ።

"እትዬ ካሳነሽ፣ ድልድዩ ጋ ቀዩን ዘሎታል። በሁለት ሰዓት ውስጥ እናንተ ጋ ነው!"

ሜዳው ላይ ፀሐይ ነው። ሰው ሩዙን ያርማል። ካሳነሽ ማጉያውን አንስታ ጮኸች፤ "ቀይ! ቀይ! ቀይ ነው! ውጡ!"

ሰው ሁሉ ቀና አለ። ደጇን አየ። ፍራሽ የለም። ተመልሶ አጎነበሰ።

እየሮጠች አያ ባየህ ጋ ደረሰች። ግድግዳቸውን ተደግፈው ፀሐይ ይሞቃሉ።

"አንቱ፣ ይነሱ! ቀይ ነው እያልኩ!"

"ፍራሽሽስ?"

"ምን ፍራሽ አለኝ? ፍራሹ ወረታ ነው!"

ሽማግሌው ከዘራቸውን ጨበጡ። "ከመቼ ወዲህ?"

"ከቅዳሜ!"

"ከቅዳሜ!" አያ ባየህ ብድግ አሉ። "ያ ገለባ! አንቺ ጉደኛ፣ አራት ቀን ቀድመሽ አሸሽተሽዋል? ይህ እንዴት ያለ ውሃ ቢሆን ነው!"

ካሳነሽ "ለአራስ እኮ ነው" ልትል አፏን ከፈተች። ከፍታም ዘጋችው። ያን አፍ ተዘግቶ ያየ ሰው ከዚያ በፊት የለም።

አያ ባየህ ማጉያውን ከእጇ ነጠቁ። "ኧረ አገሬ! ፍራሹ ከወጣ አራት ቀኑ!"

ከዚያ በኋላ ያለውን መናገር አያስፈልግም። አራሚው ማሳውን ጥሎ፣ እረኛው ነድቶ፣ ሰገን ልጇን አዝላ፣ ጎረምሳው ማረው አያ ባየህን በጀርባው ተሸክሞ ጉብታው ላይ ወጡ። ጉማራ ሲደርስ ሜዳው ሐይቅ መሰለ፤ ውሃው የአያ ባየህን በር እስከ መቀርቀሪያው ዋጠው። ሰውም ከብትም ግን አልጎደለም።

ሲመሻሽ የካሳነሽ ስልክ ጮኸ። ጆሮዋን የገዛ ድምጿ ስላደነቆረው ሁልጊዜ የስልኩን ድምፅ ማጉያ ከፍታ ነው የምታነሳው። አምሳል ናት።

"እማዬ፣ ደህና ናችሁ? ልጁ እኮ ፍራሹ ተስማምቶት ቀኑን ሙሉ ይተኛል! ቅዳሜ ባትልኪልኝ ምን ይውጠኝ ነበር?"

ጉብታው ላይ ያለ ሰው ሁሉ ወደ ካሳነሽ ዞረ።

"ለአራስ ነው የላክሽው?" አሉ አያ ባየህ።

"አዎ።"

"ውሃ ፈርተሽ አይደለም?"

"ቅዳሜማ ቢጫም አልነበረም።"

ሽማግሌው ታች፣ የሰመጠ በራቸውን አዩ። "እና ቀይ ያልሽው የእውነትሽን ነበር።"

"ሦስት ጊዜ ነው ያልኩት፣ አያ ባየህ።"

"ሰምቻለሁ፤ አልደነቆርኩም። እስቲ ያ መካከለኛው፣ ብርቱካናማው ምን ነበር? እሱ ላይ ስትደርሺ ሁልጊዜ እንቅልፍ ይወስደኛል።"

እሷም እዚያው ጉብታ ላይ እንደገና ከቢጫ ጀመረች። በዚህኛው ጊዜ ራሱን የነቀነቀ አልነበረም፤ የሚጠይቅ ነው የበዛው። ሽማግሌዎቹም አዲስ ፍርድ ፈረዱ፤ ፍራሹ እዚያው ወረታ ይቅር፤ ከተመለሰ ዓይናችን እሱ ላይ ነው።

ስለዚህ ካሳነሽ ዛሬም ቁርበት ላይ ትተኛለች። ወገቧ ያማታል፣ የአገሩን ሽማግሌ በሙሉ ትራገማለች። ግን ገና ጎህ ሲቀድ በአጥሩ በኩል አንድ ድምፅ ይመጣል።

"ካሳነሽ! ደህና አደርሽ? ዛሬ ምን ቀለም ነን?"

"ምንም! ይልቅ ይነሱና የበርዎን ጭቃ ይጥረጉ!"